የኮድ ኮሜንት ላይ ያለች ግድፈት ማንን ታደናቅፋለች?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮድ መጻፍ ከሚማሩ ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ አይነሳም። «ኦፕን ሶርስ ላይ መሳተፍ ከፈለግክ ከፊደል ግድፈት ጀምር» ይባላል። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም እርማት ሊልክለት የሚችል ፕሮግራም ነው። አንድ የታወቀ ፕሮጀክት ፈልግ። ዶክመንቴሽኑን አንብብ። የተሳሳተ ቃል ስታገኝ አርመህ ላክ። ስምህ በፕሮጀክቱ ታሪክ ውስጥ ይገባል፣ ሲቪህ ላይም አንድ መስመር ይጨመራል።

ምክሩ አሁን ብዙ ሰሚ አለው። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠናን ከጀመረ ወዲህ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ያላጠና ልጅ ሳይቀር ፓይተን የተባለውን የኮድ ቋንቋ ይሞክራል። ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ ስልኩ ላይ ኮድ የሚያነብ አይጠፋም። ሰርተፊኬቱን ከያዘ በኋላ ደግሞ «ቀጥሎስ?» ይላል። መልሱ ያው ነው፤ ግድፈት ልቀም።

ይህን ምክር የሚያጣጥሉም አሉ። «ኮማ መልቀም ምን ሥራ ነው? ልጁ ኮድ ይጻፍ እንጂ» ይላሉ። እኔ ሁለቱም ወገኖች መለኪያውን የሳቱ ይመስለኛል። አንዱ እርማቱን በቁጥር ይለካል፣ ሌላው በመጠን። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቢቀር አንባቢው ምን ይደርስበታል? ይህን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሊመልስ የሚችለው እንግሊዝኛን ክፍል ውስጥ የተማረ፣ በእንግሊዝኛ የሚሠራ ግን በአማርኛ የሚያስብ አንባቢ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንዲህ ያለ አንባቢ ሞልቷል።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልበል። ኮሜንት በኮድ መሃል ለሰው ተብሎ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ኮምፒውተሩ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ስህተት ቢኖርበት ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ኮድ ላይ አንዲት ቅንፍ ብትጎድል ወዲያው ይታወቃል። ኮሜንት ላይ ግን ሙሉ ቃል ቢጎድል የሚሰናከልበት ሰው እስኪመጣ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ዶክመንቴሽን ደግሞ ከኮዱ ውጭ የሚቀመጠው ማብራሪያ ነው፤ እንዴት እንደሚጫን፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው።

አሁን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን እንይ። የአንድ ፕሮግራም ኮሜንቶች ናቸው እንበል።

«አስተዳዳሪ ብቻ ፋይሉን መሰረዝ ይችላል።»

«አስተዳዳሪ ፋይሉን ብቻ መሰረዝ ይችላል።»

«አስተዳዳሪ ፋይሉን መሰረዝ ብቻ ይችላል።»

ቃላቱ አንድ ናቸው። «ብቻ» ቦታ ቀየረች እንጂ የተጨመረ ነገር የለም። የመጀመሪያው ከአስተዳዳሪ በቀር ማንም አይሰርዝም ይላል። ሁለተኛው አስተዳዳሪው ከፋይሉ ሌላ የሚሰርዘው የለም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ መሰረዝ እንጂ ማሻሻል አይችልም ይላል። ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ኮዶች የሚተገበሩ የፈቃድ ሕጎች ናቸው። የመጀመሪያውን ሊጽፍ አስቦ በጥድፊያ ሁለተኛውን የጻፈ ዴቨሎፐር ሰዋስው ብቻ አይደለም ያበላሸው። ያንን አንብቦ ቀጣዩን ኮድ የሚጽፍ ሰው ለሁሉም ተጠቃሚ የመሰረዝ በር ሊከፍት ይችላል። «ትንሽ የሰዋስው ስህተት» የሚባለው ነገር ከውስጡ ይህን ይዞ ሊገኝ ይችላል።

እንግሊዝኛውም ከዚህ አይድንም። «ሜይ ኖት» የሚለው አባባል «አይፈቀድም» ሊሆን ይችላል፣ «ላይሆን ይችላል»ም ሊሆን ይችላል። የኢንተርኔትን አሠራር በሰነድ የሚደነግጉ መሐንዲሶች ይህ መንታ መንገድ አስቸግሯቸው እ.ኤ.አ. በ1997 አርኤፍሲ 2119 የሚባል አጭር ሰነድ አወጡ። «ማስት» ሲባል የማይታለፍ ግዴታ ነው። «ሹድ» ሲባል በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር ይደረግ ማለት ነው። «ሜይ» የውዴታ ነው። «ማስት ኖት» እና «ሹድ ኖት» ፍቺ ተሰጥቷቸዋል። «ሜይ ኖት» ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ አርኤፍሲ 8174 የሚባል ሌላ ሰነድ ወጣ። እሱ ደግሞ እነዚህ ቃላት ይህን ልዩ ፍቺ የሚይዙት በትልልቅ ፊደላት ሲጻፉ ብቻ ነው ብሎ ለየ። የፊደል ትልቅነትና ትንሽነት ራሱን የቻለ ሰነድ አስወጥቷል። እንግዲህ ሰዋስው ለማሽን ሥራ አይገባም የሚል ሰው ይህን ይመልከት።

ወደ ቀያችን ልመለስ። አንድ የገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ ትእዛዝ የሚመዘግብበት ፕሮግራም አለው እንበል። ኮሜንቱ «ከ5 ኩንታል በላይ ላዘዘ አባል የሊቀመንበሩ ማረጋገጫ ይጠየቃል» ይላል። ከሥሩ ያለው ኮድ ግን 5ንም ጨምሮ ያግዳል። ልክ 5 ኩንታል ያዘዘ የባሶና ወራና ገበሬ መጣ። ፕሮግራሙ ማረጋገጫ አምጣ አለው። ገበሬው ለምን ብሎ ሲጠይቅ ጸሐፊዋ የምትመልሰው የላትም። ባለሙያ ተጠርቶ ኮዱን ከፈተ፤ ኮሜንቱ አንድ ነገር ይላል፣ ኮዱ ሌላ ይሠራል። የቱ ነው ትክክል? «5 ኩንታልና ከዚያ በላይ» ለማለት ተፈልጎ ነው ወይስ ኮዱ ላይ የእኩልነት ምልክት በስህተት ገብታ?

እዚህ ላይ እርማት የሚልክ ልጅ ሊጠነቀቅ ይገባል። ዓረፍተ ነገሩን ስላሳመረ ብቻ አረምኩ ማለት አይችልም። ምናልባት የተሳሳተውን ትርጉም ይበልጥ አጥርቶ፣ ይበልጥ የሚታመን አድርጎት ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው መጠየቅ ነው። «ኮሜንቱና ኮዱ አይስማሙም፤ የትኛው ነው የታሰበው?» ብሎ የጻፈ ልጅ ከመቶ የኮማ እርማት የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል ባይ ነኝ።

ነገሩ ዛሬ የበለጠ የሚያሳስበው በሌላም ምክንያት ነው። ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፓይለት የተባለውን መሣሪያ ለሙከራ ካቀረበ ወዲህ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በየቤቱ ገብተዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ኮሜንቱን ያነባሉ፤ ቀጥሎ የሚጻፈውን ኮድ ሲገምቱም እንደ መመሪያ ይጠቀሙበታል። ኮምፒውተሩ ኮሜንትን ዘሎ ያልፋል ያልኩት ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። ፕሮግራሙ ሲጻፍ ግን የተጣመመ ኮሜንት የተጣመመ ኮድ ይወልዳል።

የፊደል ግድፈት ብቻ ሲሆንስ? ትርጉሙ ካልተዛባ ምን ቸገረን የሚባልበት ጊዜ አለ፣ እውነትም ነው። ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት፣ ከርነሉን፣ የሚጽፉ ሰዎች ግን እዚህ ላይ ደስ የሚል ድንበር አበጅተው ነበር። ለጥቃቅን እርማቶች የተለየ መቀበያ ነበራቸው፤ እዚያ ከሚስተናገዱት ውስጥ የዶክመንቴሽን የፊደል ስህተት አንዱ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ «ፍለጋን የሚያበላሹ የፊደል ስህተቶች» የሚል ነበር። «ግሬፕ» በሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ አንድን ቃል ፈልጎ የሚያጣ ሰው ቃሉ የለም ብሎ ይደመድማል። ቃሉ ግን አለ፣ አንዲት ፊደል ተዛንፎ። ከርነሉ በተደጋጋሚ የሚሳሳቱ ቃላትን ከነእርማታቸው የያዘ ፋይልም አለው። የኮድ መፈተሻው ስክሪፕት አዲስ የሚላክን ኮድ ከዚያ ዝርዝር ጋር እያስተያየ ያስጠነቅቃል። ስህተቱ ከመግባቱ በፊት ደጃፍ ላይ ይያዛል ማለት ነው።

በአማርኛ ይህ የፍለጋ ጣጣ ይብሳል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ሆነውብናል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። አንዱ ዴቨሎፐር «ሂሳብ» ብሎ ይጽፋል፣ ሁለተኛው «ሒሳብ»። ኮምፒውተሩ ለእነዚህ ፊደላት የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። አራት ነጥብም አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት «።» የራሷን ቦታ አግኝታለች። ግን ብዙ ሰው እስከዛሬ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታ «፡፡» ይላታል፣ ወይም ከላቲኑ ኮሎን ሁለት ይደረድራል። ለዓይን ያው ናት። ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር የሚከፋፍል ፕሮግራም ግን «።»ን እየፈለገ ሙሉውን ገጽ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይውጠዋል። በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ላይ «፡፡»ን በ«።» የሚተካ ሰው አቧራ አራገፈ አይባልም። ጽሑፉ እንዲፈለግ፣ እንዲተረጎም፣ በማሽን እንዲነበብ እያደረገ ነው።

ሊታረሙ የማይገባቸውም አሉ። ኮሜንት ይታረማል፣ ስም ግን እንዲሁ አይነካም። ከዚህ የታወቀው ምሳሌ ድረ ገጾች ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚያውቁበት «ሪፈረር» የሚባለው መለያ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፉ መሃል ላይ ሁለት «አር» ሊኖር ሲገባ አንዷ ተገድፋለች። ግድፈቷ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1945 ውስጥ እንዳለች ገባች። ድረ ገጾችና ብራውዘሮች ሁሉ በዚያው ስም ስለተግባቡ ዛሬም እንደተሳሳተች ናት። ዩኒክስ በተባለው ቀደምት የኮምፒውተር ሥርዓት ላይም ፋይል የሚፈጥረው ትእዛዝ መጨረሻው ላይ «ኢ» ጎድሎታል። ዩኒክስን ከፈጠሩት አንዱ ኬን ቶምፕሰን፣ ሥርዓቱን እንደገና ብትሠራው ምን ትለውጣለህ ሲባል ያቺን ፊደል እጨምራታለሁ ማለቱ ይነገርለታል። ሊጨምራት ያልቻለው ስንት ፕሮግራም በዚያ ስም ላይ ስለቆመ ነው።

እኛም ጋ ይህ አለ። «ክፍያ»ን በላቲን ፊደል የዳታቤዝ አምድ ስም አድርጎ የሚጽፍ አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ ይጽፋታል። ያዩት ሰው እጁ ይበላዋል። ሊያስተካክል ቢነሳ ግን ደረሰኝ የሚያትመው፣ ሪፖርት የሚያወጣው፣ ከባንክ ጋር የሚገናኘው ክፍል ሁሉ በዚያ ስም የሚጠራት ናት። እዚህ ላይ የሚበጀው አጠገቧ ኮሜንት መጻፍ ነው፤ «አጻጻፉ የተሳሳተ ነው፣ ሌሎች ክፍሎች ስለሚጠሩት እንዳይቀየር» ብሎ።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የፕሮጀክት ባለቤቶች ጥቃቅን እርማት ሲመጣላቸው ፊታቸው ለምን እንደሚጠቁር መረዳት ይገባል። ሃክቶበርፌስት የሚባል ዝግጅት አለ። ዲጂታልኦሽን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ያካሂደዋል። የተወሰነ ቁጥር ያለው ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። በ2020 ነገሩ ከልኩ አለፈ። ቲሸርቱን የፈለጉ ሰዎች የማያውቁት ፕሮጀክት ገብተው የመግቢያ ጽሑፉ ላይ «ግሩም ፕሮጀክት» የሚል ቃል እየጨመሩ ላኩ። አንዳንዱ ትክክለኛውን ቃል በሌላ ቃል ተካ። በፈቃዳቸው፣ ያለ ክፍያ ፕሮጀክት የሚጠብቁ ሰዎች ቀናቸውን ይህን ሲዘጉ ዋሉ። አዘጋጁ በዚያው ወር ሕጉን ለወጠና ፕሮጀክቶች እሺ ካላሉ በቀር በዝግጅቱ እንዳይቆጠሩ አደረገ። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አንዲት እርማት ለላኪው የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። ለተቀባዩ ግን ማንበብ አለ፣ ማረጋገጥ አለ፣ አውቶማቲክ ፈተናው እስኪያልቅ መጠበቅ አለ፣ አመስግኖ መመለስ አለ። በየፋይሉ የተበተኑ ብዙ እርማቶች ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣሉ። ያንኑ ፋይል ለከባድ ሥራ የከፈተ ሌላ ሰው ሥራውን ሲያስገባ ይጋጭበታል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱ መስመር ላይ መጨረሻ የነካውን ሰው ስም ያሳያል። አንዲት ኮማ ያረመ ሰው ስሙ እዚያ ሲወጣ፣ የመስመሩን ምክንያት የሚያውቀው የቀድሞው ጸሐፊ ከኋላው ይደበቃል። ለዚህ ሲባል ነው ጊት እ.ኤ.አ. በ2019 አንዳንድ ለውጦችን በዚህ ማሳያ ላይ የሚዘልበት አማራጭ የጨመረው።

ታዲያ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ምን ያድርግ? እኔ የምመክረው ግድፈት ፍለጋ እንዳይወጣ ነው። የሚጠቀምበትን ነገር ያንብብ። ሲያነብ የተሰናከለበት፣ ሁለቴ ሦስቴ የመለሰው ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያ ላይ ምልክት ያድርግ። ስህተቱ የእኔ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ማለፍ የለበትም። ብዙ ልጆቻችን የሚሸነፉት እዚህ ነው። መመሪያው ግራ ሲያጋባቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገው የኦፕን ሶርስ ዳሰሳ መልስ ከሰጡት 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ጊዜ ያለፈበት ዶክመንቴሽን ችግር ሆኖ እንዳዩት ተናግረዋል። 60 በመቶው ግን ዶክመንቴሽን ላይ ብዙም ወይም ጭራሽ እንደማይሠሩ ገልጸዋል። ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋው ደግሞ እንግሊዝኛን «በጣም ጥሩ» ከሚባለው ደረጃ በታች እንደሚያነብና እንደሚጽፍ ተናግሯል። እንግዲህ ልጁ የተሰናከለበት ቦታ ላይ ብራዚል፣ ቻይናና ግብፅ ያለውም ይሰናከላል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው የጎደለውን ቃል አእምሮው ይሞላለትና ሳያስተውለው ያልፋል። የእኛ ልጅ ቃል በቃል ስለሚያነብ ጉድጓዱን ያየዋል። ይህ ችሎታ ነው፣ ያለ ሐፍረት ሊሠራበት ይገባል።

በአሠራሩ ጊት ለእኛ አገር የተመቸ ነው። ኮዱን አንዴ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ፣ ማረም፣ መመዝገብ ይቻላል። መስመር ሲገኝ መላክ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የዚህን ጥቅም ያዩ ልጆች አሉ። ጽሑፍ የሚከብድ ዳታ አይደለም፤ ቪዲዮ የማይከፍት መስመር ዶክመንቴሽን ያወርዳል።

ሰዋስው የሚያርሙ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን መጠቀም ይቻላል፣ ግን በልክ። መሣሪያው ሙሉውን ገጽ አሳምሮ ሊመልስ ይችላል። ከዚያ ውስጥ ላኪው ራሱ የተሰናከለበትን ብቻ ይውሰድ። የፕሮጀክቱ ሰዎች ራሳቸው መሣሪያው አላቸው። የሌላቸው ነገር እዚህ ቁጭ ብሎ ያነበበው ሰው የገጠመው ነው።

ይልቁንም ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ሥራ ደጃችን አለ። የተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራል፣ ይመዘናል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ተማሪ ሊቀጥለው ቢከፍተው ኮሜንቱ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ እንግሊዝኛ ነው፣ መመሪያው ደግሞ የለም። ቢሮዎች የሚያሠሩት ፕሮግራምም ያው ነው። ፕሮግራሙን የምትጠቀመው ጸሐፊ በአማርኛ ነው የምትሠራው፣ መመሪያው ግን ባለሙያው ራሱ በማያምንበት እንግሊዝኛ ይጻፋል። አማርኛውም ቢሆን ቀላል ይሁን፤ ዞናችን ውስጥ ኦሮምኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሠራተኛም ያነበዋል። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚናገር፣ ቁጥር ሲኖር መለኪያውን የሚጠራ። የመሬት ስፋት በጥማድ ነው በሄክታር? ወሩ 12 ነው 13? ጳጉሜን የረሳ ኮሜንት ጳጉሜን የረሳ ደመወዝ ያወጣል።

በዚህ ጉዳይ የማደንቀው ሰው ዶናልድ ክኑት ነው። ይህ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ በመጻሕፍቱ ውስጥ ስህተት ላገኘ የመጀመሪያ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የሚከፍል ነው፤ የፊደል ግድፈትም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በእውነተኛ ቼክ ፈንታ የምስክር ወረቀት ይልካል። ስንት ሰው ያንን ወረቀት በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። የእኛ መምህራንም ቢያንስ የመመረቂያ ሥራ ሲመዝኑ ለመመሪያውና ለኮሜንቱ የራሱን ነጥብ ቢያስቀምጡለት፣ ከዚያም የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ አንብቦ የተሰናከለበትን እንዲያስመዘግብ ቢያደርጉ፣ ልጆቹ ይህን ሥራ ገና ከቤታቸው ይለምዱታል።

ወደ ውጭ ፕሮጀክት የሚላከው እርማት ደግሞ አብሮት የሚሄድ ማብራሪያ ይፈልጋል። «ግድፈት አረምኩ» ብቻ ተብሎ የሚላክ ብዙ ነው። ይህን ቢጽፍ ይሻላል፤ «የመጫኛ መመሪያውን ሳነብ 3ኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ፋይሉን መጀመሪያ ልሰርዝ ወይስ ልገልብጥ አልገባኝም። ሞክሬ እንዳየሁት መቅደም ያለበት መገልበጥ ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንዲታይ አድርጌ ጻፍኩት። ኮዱን አልነካሁም።» ባለቤቱ ይህን ሲያነብ ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ፣ ምን እንዳልተነካ በአንድ ጊዜ ያውቃል።